ክሊፑ ስለ ክለቡ ዋሽቶናል እንዴ? ከ"ሳቲስፋክሽን" እስከ በርሊን ጨለማ

ዲሽ_በጣሪያ፦

ሰላም ወገን። ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የድሮ የዳንስ ክሊፖችን ዩቲዩብ ላይ እየፈለግኩ ማየት ጀምሬያለሁ። አንድ ነገር ከነከነኝና ልጠይቃችሁ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።)

ያደግኩት አክስቴ ቤት ነው። በሰፈሩ ቀድመው ዲሽ ከሰቀሉት አንዷ እሷ ነበረች። ማታ እሷ ስትተኛ እኔና ልጆቿ ድምፁን ቀንሰን የሙዚቃ ቻናል እንከፍታለን። የቤኒ ቤናሲ "ሳቲስፋክሽን" ትዝ ይላችኋል? ዘፈኑ የ2002 ነው፣ እኛ ጋ የደረሰው ግን ትንሽ ቆይቶ ነው። ሰውየው ጣሊያናዊ ዲጄ ነው፤ ክሊፑ ላይ ግን ዲጄም የለም፣ ክለብም የለም። ለበሱ ለማለት ያህል የለበሱ ሴቶች ድሪልና ግራይንደር ይዘው ይሠራሉ፣ የመሣሪያው ስም ስክሪኑ ላይ ይጻፋል። የግንባታ ዕቃ ሱቅ ማስታወቂያ የታዘዘ ሰው መንገድ ላይ ሐሳቡን የቀየረ ነው የሚመስለው።

አንድ ሌሊት አክስቴ ውሃ ልትጠጣ ተነስታ ደረሰችብን። ክፉ ደግ አልተናገረችም። ቲቪውን አጠፋች፣ ሪሞቱን ይዛ ተመለሰች። ሪሞቱ አንድ ሳምንት ትራሷ ሥር አደረ።

ከዚያ ወዲህ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ክለብ ማለት ያ ክሊፕ ነው። አምና ለሥራ በርሊን ሄጄ ልጆቹ አንድ ክለብ ይዘውኝ ገቡ። በር ላይ የስልኬን ካሜራ ፊትና ኋላ ስቲከር ለጠፉበት። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ጭስ ነው፣ ባሱ ደረት ይደበድባል። ሴቶቹ ሰፊ ቲሸርትና ስኒከር አድርገዋል፣ አብዛኛው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ለብቻው ይጨፍራል። እኔ አዲስ ሸሚዝ ተኩሼ ለብሼ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተገተርኩ፣ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። ታዲያ ያ ሁሉ ክሊፕ የማንን ክለብ ነው ሲያሳየን የኖረው?

ሸገር_ባስ፦

ወንድሜ እኔ ዲጄ ነኝ፣ መልሱ ቀላል ነው። ዲጄ ፊት የለውም። ዘፋኝ ክሊፕ ሲሠራ ካሜራው ፊቱን ይከተላል፣ ግጥም አለው፣ ታሪክ ይሠራለታል። የኛ ሙዚቃ ላይ ምን አለ? "ሳቲስፋክሽን" ላይ የሚናገረው ድምፅ እኮ ሰው እንኳን አይደለም፣ ኮምፒውተር የተጻፈለትን እያነበበ ነው። ቲቪ ደግሞ ባዶ ስክሪን አያስተላልፍም። ስለዚህ አሳታሚዎቹ ያደረጉት ሥጋ ቤት የሚያደርገውን ነው፤ መስኮቱ ላይ ሥጋ ሰቀሉ።

በጣም የሚያናድደኝ የኤሪክ ፕሪድዝ "ኮል ኦን ሚ" ነው፣ 2004። ስዊድናዊው ልጅ የስቲቭ ዊንውድን የ1982 ዘፈን ወስዶ አንዷን ሐረግ ቆርጦ እየደጋገመ ሌላ ነገር አደረጋት። ዊንውድ ሰምቶ በጣም ስለወደደው ድምፁን እንደ አዲስ ገብቶ ቀዳለት። ይኼ በሙያው ትልቅ ነገር ነው! እንግሊዝ ውስጥ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። አሁን ሰው ጠይቅ፤ "ያ የኤሮቢክሱ ክሊፕ?" ይልሃል። ዊንውድን የሚያነሳ የለም።

ነቄ_ነኝ፦

አቦ ክሊፑን ስንቴ አይተኸው ነው እንደዚህ በዝርዝር የምታስታውሰው 😂

ሸገር_ባስ፦

ለሙያዊ ጥናት ነው።

የበርሊኗ፦

ስቲከሩ ለምን እንደሆነ ልንገርህ ዲሽ፣ እዚህ ከተማ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። የገባህበትን ክለብ ስም አልጠይቅህም፣ ግን ልማዱን በዓለም ያስታወቀው በርግሃይን ነው። በ2004 የተከፈተ ነው፣ የድሮ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሕንፃ ውስጥ፣ ጣሪያው 18 ሜትር ገደማ ይሆናል። ፎቶ ክልክል ነው። መጸዳጃ ቤቱ እንኳ መስታወት የለውም። አስበው፣ ራስህን የምታይበት ቦታ የለም። ሰው ሲገባ መጀመሪያ ይጨንቀዋል፣ ፀጉሬ፣ ሸሚዜ ይላል (እንዳንተ)፣ ከዚያ የሆነ ሰዓት ላይ ይተወዋል። እዚያ የሚከፈልበት ነገር መታየት ሳይሆን አለመታየት ነው።

ይኼ ነገር ደግሞ የጀርመን ፈጠራ አይደለም። ሥሩ ቺካጎ ነው። በ1977 ፍራንኪ ናክልስ የሚባል የኒውዮርክ ዲጄ "ዌርሀውስ" የሚባል ቤት ውስጥ ማጫወት ጀመረ፤ "ሀውስ" የሚለው የሙዚቃው ስም የመጣው ከዚያ ቤት ነው። የሚመጡት ጥቁሮችና ላቲኖዎች ነበሩ፣ አብዛኞቹም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች። ይቺን ታሪክ ሰው ሲያወራ ይዘላታል፣ እኔ አልዘላትም። ውጪ ሲታዩ የሚሰደቡ፣ የሚደበደቡ ሰዎች ናቸው፣ ጨለማው መጠለያቸው ነበር። በ1979 እዚያው ቺካጎ ቤዝቦል ስታዲየም ውስጥ የዲስኮ ሸክላ ክምር በፈንጂ አፈንድተው ሕዝቡ ሜዳውን ወርሮት የዕለቱ ሁለተኛ ጨዋታ ሳይካሄድ ቀርቷል፣ እንግዲህ ጥላቻውን ገምቱት። ከዚያ ሙዚቃው ባሕር ተሻገረ፣ ቲቪ አገኘው፣ ክሊፕ ሠራለት። ክሊፑ ላይ ደግሞ ከነዚያ ሰዎች አንድም የለም። ለመደበቅ የተሠራን ቤት ጣሪያውን ገንጥለው መብራት እንደማስገባት ነው።

ነቄ_ነኝ፦

እሺ ጨለማው ቅዱስ ነው በሉና ታቦት አስገቡለት። እዚያ ጨለማ ውስጥ የሚዋጠውን እንክብል ማን ያውራልን?

የበርሊኗ፦

እኔ አወራልሃለሁ፣ ምን ያሳፍረኛል። አለ። ብዙ አለ። ያስጠላኛልም፣ ሰው ወድቆ አምቡላንስ ሲጠራ አይቻለሁ። ክለቡ ንጹሕ ነው አላልኩም። ያልኩት ክሊፑ ሌላ ነገር ነው ያሳየው ነው። እንደውም ክሊፑ እሱን ቢያሳይ የበለጠ እውነት በሆነ።

ዱባይ_ማታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ የበርሊኗ ያልሽው ደስ ይላል፣ ግን ሁሉም ክለብ የናንተ አይደለም። እኔ ያለሁበት "ሌዲስ ናይት" የሚባል ነገር አለ፣ ሴት በነፃ ትገባለች፣ መጠጥም በነፃ ይሰጧታል። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ "ይኼ አገር እንዴት ሴት ያከብራል" ብዬ ለጓደኛዬ ደወልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ነው የገባኝ። በነፃ የገባሁት ሸቀጡ እኔ ስለሆንኩ ነው! ወንዱ የሚከፍለው እኔ ወዳለሁበት ለመግባት ነው። አንድ ቀን ደክሞኝ ሂጃብ ከምታደርግ ጓደኛዬ ጋር በሰፊ ቀሚስ ሄድን፣ በረኛው ቀና ብሎ ሳያየን "ዛሬ ሞልቷል" አለ። ከኋላችን ያሉት ገቡ።

እና ዲሽ፣ ክሊፑ ዋሸ ትላለህ። ለኔ አልዋሸም። እኔ የገባሁበት ክለብ ልክ ክሊፑን ነው የሚመስለው። ድሪሉ ብቻ ነው የቀረው።

ዲሽ_በጣሪያ፦

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ምናልባት ክሊፑ ቀድሞ መጣ፣ ክለቡ ደግሞ ክሊፑን እያየ ተሠራ?

ሸገር_ባስ፦

አዎ በቃ! አዲስ አበባም እንደዚያ ነው። ባለቤቱ ሲቀጥርህ ስለ ድምፅ አይጠይቅህም። "ሶፋው ጋ ያሉት ልጆች እንዲታዩ መብራቱን ከፍ አድርገው" ነው የሚለው። አንድ ቤት ስሠራ (ስሙ ይቅር) መብራት ስላጠፋሁ ብቻ ከደመወዜ ቆርጠውብኛል።

የድሮ_ጨፋሪ፦

ልጆቼ እንዴት ናችሁ። ዕድሜዬ ሰባን አልፏል፣ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው፣ የልጅ ልጄ ናት ይቺን ያሳየችኝ። የናንተን ዱም ዱም አልወደውም፣ በግልጽ ልናገር። ግን ስለ ጨለማውና ስለ ማደሩ ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ደርግ በ1974 (እንደ እናንተ ልቁጠር) ሲመጣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። የአዲስ አበባ ሌሊት እዚያ ላይ ተሰበረ። ያ ሁሉ ባንድ፣ ያ ሁሉ ጭፈራ ቤት። ግን ወጣት ነና ምን እናድርግ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ገብተን በሩ ይዘጋብናል፣ ከዚያ እስኪነጋ መውጣት የለም። ሂልተን ዋልያስ ባንድ ሲጫወት እነ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋኑን ይዘው ሰው እስኪነጋ ነው የሚጨፍረው። ብትደክም እንኳ የት ትሄዳለህ? ውጪ ወታደር አለ። ኃይሉን በኋላ እዚህ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፣ አሁን ደግሞ ዓለምን እየዞረ ይጫወታል፣ እግዜር ይስጠው።

ያኔ ክሊፕ የሚባል ነገር አልነበረንም። ስለዚህ ማን እንዴት እንደጨፈረ የምናውቀው እኛው ነን።

የበርሊኗ፦

ጋሼ እንኳን ጻፉልን። እንዲያው ሲገጥም፣ ምዕራብ በርሊን በ1949 የመዝጊያ ሰዓት የሚባለውን ጭራሽ አንስታለች፣ ዛሬ ሰው ቅዳሜ ገብቶ ሰኞ የሚወጣው በዚያ ምክንያት ነው። እዚህ ሰዓት እላፊ ስለሌለ ያድራሉ፣ እርስዎ ደግሞ ሰዓት እላፊ ስላለ ያድሩ ነበር።

የድሮ_ጨፋሪ፦

ልዩነቱ እኛ በነጋታው ሥራ እንገባ ነበር።

ደቡብ_ለንደን፦

ስለ ሰዓትና መንግሥት ከተነሳ የእንግሊዝን ልጨምር። በ1992 ካስልሞርተን የሚባል ሜዳ ላይ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ወጣት ተሰብስቦ ለቀናት ጨፈረ፣ ጋዜጣው አበደ፣ በ1994 ሕግ ወጣ። ሕጉ ፖሊስ ሌሊት ሜዳ ላይ የሚደረግ ጭፈራን እንዲበትን ይፈቅዳል፤ አስቂኙ ነገር የትኛው ሙዚቃ እንደሆነ ለመለየት "ተደጋጋሚ ምት በተከታታይ የሚያሰማ" የሚል ትርጉም ውስጥ አስገቡ። በዚህ አያያዝ የኛ የሰርግ ከበሮ ዋስትና ተከልክሎ ይታሰራል።

ኦተከር የሚባሉ ሁለት ልጆች ደግሞ በዚያው ዓመት ምቱ ፈጽሞ የማይደገም ዘፈን ሠርተው አወጡ። የሸክላው ማሸጊያ ላይ ምን ጻፉ፣ ዲጄው ሲያጫውት ጠበቃና የሙዚቃ ባለሙያ አጠገቡ ያስቀምጥ ብለው።

ወደ ክሊፑ ልመለስና፣ ፕሮዲጂ ስለሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ሳይወራ እንዴት ያልቃል? የ1997ቱ። ርዕሱን እዚህ አልጽፈውም፣ ሴት መማታት የሚል ስድብ ነው። ክሊፑ የሚታየው በአንድ ሰው ዓይን ነው። ተነስቶ ይላጫል፣ ይጠጣል፣ የሎንዶን ክለቦችን እየዞረ ሴቶችን ይጎነትላል፣ ይደባደባል፣ ያስታውካል፣ ከአንዲት ራቁት ዳንሰኛ ጋር ቤት ይገባል። መጨረሻ ላይ መስታወት ፊት ይቆማል፣ እና ሴት ናት! ኤምቲቪ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብቻ ነበር የሚያሳየው፣ በ1998 ደግሞ ዞሮ ሁለት ሽልማት ሰጠው። ዳይሬክተሩ ዮናስ ኦከርሉንድ ይባላል፣ እኔ ዮናስ ሲባል የኛ ሰው መስሎኝ ለወራት ስኮራ ነበር፣ ስዊድናዊ ነው። ለኔ ይኼ ክሊፕ አይዋሽም። ክለቡን ከነ ትፋቱ ነው ያሳየው፣ ተመልካቹን ደግሞ "ወንድ ነው ብለህ የፈረድከው አንተ ነህ" አለው።

ዱባይ_ማታ፦

ወንድሜ አክብሮቴ እንዳለ፣ እሷ መስታወት ፊት ከመቆሟ በፊት የተጎነተሉት ሴቶች ምን ሆኑ? መጨረሻ ላይ "ሴት ናት" ሲባል የነሱ ጡት ከስክሪኑ ይጠፋል? ብልጠት ነው፣ ብልጠቱን አደንቃለሁ፣ ግን አራት ደቂቃ ያህል ያየሁትን ሁለት ሰከንድ አታጥብልኝም። ዘፈኑ ራሱም ያው ነው። የአሜሪካ ራፐሮቹ ቢስቲ ቦይስ እንኳ፣ እነሱ ራሳቸው በወጣትነታቸው ምን ያላሉት አለ፣ በ1998 ሬዲንግ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ "እባካችሁ ይቺን አትጫወቱ" ብለው ጠይቀዋቸዋል። ተጫወቷት።

ደቡብ_ለንደን፦

እሺ። ይሄንን ልቀበልሽ። ግን ከ"ኮል ኦን ሚ" ጋር አንድ ላይ አትክተቺው። አንዱ ይሸጥልሻል፣ ሌላው ይረብሽሻል።

ዱባይ_ማታ፦

ሁለቱም ሸጠዋል።

ነቄ_ነኝ፦

እዚህ ጋ ሳቅ ላምጣ። በ2018 ሩስያ፣ ኡልያኖቭስክ የሚባል ከተማ፣ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ሰልጣኞች የ"ሳቲስፋክሽን"ን ክሊፕ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ራሳቸው ሠሩት። ወንዶች ናቸው። የውስጥ ሱሪ፣ ቀበቶ፣ የደንብ ኮፍያ፣ በቃ። ባለሥልጣን ተቆጣ፣ ይባረሩ ተባለ፣ ያኔ የአገሩ ሰው ተነሳ፤ ነርሶች፣ የግብርና ተማሪዎች፣ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ጡረታ የወጡ አሮጊቶች ሳይቀሩ በየቤታቸው ያንኑ ክሊፕ እየሠሩ ለልጆቹ ድጋፍ ለቀቁ። አሮጊቶቹን ካላያችሁ ሕይወታችሁ ጎዶሎ ነው።

የሚገርመው፣ ሴቶቹ ድሪል ይዘው ሲሠሩት ሽልማትና ገንዘብ፣ ወንዶቹ በኮፍያ ሲሠሩት የአገር ክብር ጉዳይ ሆነ።

የበርሊኗ፦

ነቄ ዛሬ ቁም ነገር ተናገረ፣ ቀኑን መዝግቡልኝ።

ሸገር_ባስ፦

"ሥጋ ካልሰቀልን በጀት የለንም" የሚል ሰበብ ለሚያመጡ ሁሉ ሁለት ክሊፕ ልስጥ። አንደኛው የፋትቦይ ስሊም "ፕሬዝ ዩ" ነው። ዳይሬክተሩ ስፓይክ ጆንዝ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲኒማ ቤት በር ላይ ያለ ፈቃድ የጥቂት ሰዎች ቡድን አስጨፈረ፣ ራሱም ከፊት ሆኖ እየወደቀ እየተነሳ፣ የቤቱ ሠራተኛ መጥቶ ቴፑን ሲያጠፋባቸው ሁሉ ይታያል። 800 ዶላር ገደማ ነው የፈጀው።

ሁለተኛው የዳፍት ፓንክ "አራውንድ ዘ ወርልድ"፣ 1997፣ ዳይሬክተሩ ሚሼል ጎንድሪ። ዘፈኑ ላይ ሦስት ቃል ብቻ ነው ያለው። ሰውየው ምን አደረገ? እያንዳንዱን ድምፅ ሰው አደረገው። ሮቦቶቹ ድምፁ ናቸው፣ አፅሞቹ ጊታር፣ ፋሻ የተጠቀለሉት ድራም ማሽኑ፣ የዋና ልብስ የለበሱት ሴቶች ሲንቴሳይዘሩ፣ ረጃጅሞቹ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ባሱን ይከተላሉ። ሴቶቹ የዋና ልብስ ለብሰዋል፣ ግን ካሜራው አይልሳቸውም! ሙሉ ሰውነታቸው ይታያል፣ ሥራቸው ይታያል። ክለብ ውስጥ ዓይንህን ስትጨፍን የሚሆነውን በዓይን ያሳየ ክሊፕ እሱ ነው ባይ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ ሲንቴሳይዘርና ባስ መለየት የተማርኩት በሱ ነው፣ አስተማሪ አልነበረኝም።

ደቡብ_ለንደን፦

የኛ አገርስ?

ሸገር_ባስ፦

ሙዚቃው አለ እኮ። ሮፍናን በ2018 "ነጸብራቅ"ን ሲያወጣ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታክሲ ውስጥ ገባ፣ ወያላ ሲያንጎራጉረው ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊትም እነ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ "ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ" ብለው ክራርና መሲንቆን ከማሽኑ ጋር ሲያላትሙ ነበር፣ ከአገር ቤት ይልቅ ውጪ ነው ቀድሞ የተሰማላቸው።

ክሊፑ ላይ ግን ብዙው ሰው የ2003ን ካሜራ ነው ዛሬም የሚያንቀሳቅሰው። ከተረከዝ ተነስቶ ሽቅብ። የኪራይ መኪና፣ የሆቴል ዋና ገንዳ፣ አንድ ልጅ ተደግፋ ቆማ ምንም አትሠራም። ለምን ይመስላችኋል የሚያስቀው? እስክስታ ትከሻ ነው! አንገት ነው፣ ፊት ነው። ካሜራው ተረከዝ ላይ ሆኖ እሷ ትከሻዋን ስትመታ አመለጠው። ባለፈው አንዱን ኤዲት ሳደርግ ከሁለት ሰዓት ቀረጻ ውስጥ ሙሉ እስክስታ የሚታይበት ሃያ ሰከንድ አጥቼ መጮህ ቀረኝ።

የድሮ_ጨፋሪ፦

ይኼን ልጅ ወደድኩት። ጎንደሬዋ ትከሻዋን ስትነቀንቅ እግሯን ማን አይቶ ያውቃል።

ዱባይ_ማታ፦

ጋሼ እኛ ለማየት እንደማንመጣ አሁን የተነጋገርን መስሎኝ 😄

የድሮ_ጨፋሪ፦

ልጄ፣ ድንግዝግዝ ውስጥ ሆኜ ነው ያየሁት።

ነቄ_ነኝ፦

ዲሽ፣ አክስትህስ? አሁንም ሪሞቱ ትራሷ ሥር ነው?

ዲሽ_በጣሪያ፦

ዛሬ እሁድ ምሳ ልበላ ሄጄ ነበር። ሸገር ባስ ያለውን የጎንድሪን ክሊፕ በስልኬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችው፣ ሳታቋርጥ። ከዚያ "እነዚያ በፋሻ የተጠቀለሉት ምን ሆነው ነው?" አለችኝ። ድራም ማሽኑ ናቸው አልኳት።

"ከታመሙ ለምን ያስጨፍሯቸዋል?" ብላ ወጡን ልታሞቅ ተነሳች።